ሰማይ አምድ የለውም

የሌላውን ወገን ነቀፋ መናገር ለማንም ቀላል ነው፤ የራስን ወገን መገሠጽ ግን ለነቢያትም ከባድ ሸክም ነበረ። አሞጽ እስራኤል በመመረጡ ሲታበይ ባየ ጊዜ፥ በእግዚአብሔር ፊት ከኢትዮጵያ ልጆች የማይበልጥ መሆኑን ነገረው። ጌታችንም ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ፥ አይሁድ ይንቁት የነበረውን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ መለሰለት። ሁለቱም ተግሣጾች ከቤት ውስጥ የተነሡ ናቸው፤ ስለዚህም የጠላት ስድብ ናቸው ሊባሉ አይችሉም።

በኋለኛው ዘመንም በዚያው ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ድምፅ አልታጣም። አኃድ ሃዓም የሚባለው የዕብራይስጥ ጸሐፊ በ1883 ዓ.ም. ፍልስጥኤምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ፥ ሰፋሪዎቹ ወገኖቹ በዐረቦች ላይ የሚያሳዩትን ንቀትና ጭካኔ በግልጽ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ይሁዳ ማግነስና ማርቲን ቡበር ሁለቱ ሕዝቦች በእኩልነት አብረው ይኖሩ ዘንድ ተከራከሩ። ዛሬም ፍልስጥኤማውያን በተናቁ ጊዜ የገዛ ወገናቸውን የሚገሥጹ አይሁድ አሉ። ይህን ሰምቶ የሚያመሰግን ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ግን፥ ፊቱን ወደ ገዛ ቤቱ ይመልስ ዘንድ ይገባዋል።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታ ደጋ፥ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ሆርማትና ጎሊና ከደጋ ሲወርዱ ገበሬው ጐርፉን እየጠለፈ ወደ ማሳው ያገባዋል፤ ጐርፉም የክርስቲያኑን ማሳ ከሙስሊሙ ማሳ አይለይም። ሰዎቹም ሠርግ በሆነ ጊዜ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፥ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የእርቅ ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ በተቀመጡ ጊዜ፥ አንዱ በወንጌል ሌላው በቁርኣን ሥርዓት እየጸለየ አንድ ፍርድ ይፈርዳሉ።

እንዲህ ያለ ኑሮ እያለ ግን፥ በክርስቲያኑ አፍ ሲነገር የኖረ አንድ ክፉ ተረት አለ፤ ይኸውም «ሰማይ አምድ የለውም፥ እስላም አገር የለውም» የሚለው ነው። ተረቱ ከምንም አልተወለደም። በ17ኛው መቶ ዓመት በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው በአንድ ሰፈር እንዲኖሩ ታዘዘ። በብዙ የደጋ አገርም ርስት ስለ ተከለከሉ፥ እጃቸውን ወደ ንግድና ወደ ሸማ ሥራ መለሱ። የተከለከለውን ሰው አስቀድሞ ከርስት አውጥቶ፥ ኋላ አገር የለህም ብሎ መስደብ ግን ፍርድ አይደለም፤ የገዛ ሥራን በባልንጀራ ላይ መላከክ ነው።

በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትና ይነሡ ዘንድ አዘዙ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ ሼህ ጠልሃ ግን እምቢ ብለው ታገሉ፥ በወሎም ብዙ ደም ፈሰሰ። በዚያው ጉባኤ የሦስት ልደት ወገን የሆኑት የቤተ ክርስቲያን ልጆችም በዐዋጅ ተገደዱ። እንግዲህ ለጎረቤት የተቀረጸ ቀንበር በቤተ ልሔምም ላይ፥ በቅኔ ማኅሌትም ላይ እንደሚጫን ከዚህ ይታወቃል። በግድ የተጠመቀ ሰው ውኃውን እንጂ ልደቱን አያገኝም።

«ግራኝስ?» የሚል አይጠፋም። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናትና የታረዱት ምእመናን አይረሱም፥ ሊረሱም አይገባም። ነገር ግን ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንዳይሸከም ሕዝቅኤል አስተምሯል፤ በጎሊና ዳር ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬማ የግራኝ ልጅ እንኳ አይደለም። መታሰቢያ ሙሉ ይሁን ከተባለም፥ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ተቀብሎ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አለመስጠቱ አብሮ ይታሰብ።

ራያ ሌላም ስም ተሸክሟል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከሆነው ጦርነት በኋላ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በኮረምና በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ ከራያና ከአዘቦ የተነሡ ሰዎች ወጉት። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጣልያን ብርና ጠመንጃ ማደሉ፥ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም በዚያ አገር ላይ የቅጣት ዘመቻ መዝመቱ አብሮ ካልተነገረ፥ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። የጥቂቶችም ጥይት ለሕዝብ ሁሉ፥ ለልጅ ልጅም ስም ሊሆን አይገባውም።

ክፉ ልማድ ግን በሰው እጅ እንደ ገባ በሰው እጅ ይወጣል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወጥቶ የሙስሊሞችን እኩልነት ጠየቀ። ጥያቄያቸው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ ጭምር ነበረ፤ በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ልዩነት የእንግዳና የባለቤት ልዩነት ነውና። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የሙስሊም በዓላት የአገር በዓላት ሆኑ፤ ክርስቲያኑም በዚህ አንድ በዓል እንኳ አልጐደለበትም።

ተረቱስ ምን ይሁን? ለቅኔ ተማሪ ቢሰጥ ሰሙን አልፎ ወርቁን ይጠይቃል። ሰማይ አምድ የለውም፤ ይሁን እንጂ አልወደቀም፥ የሚያጸናው የእግዚአብሔር ቃል ነውና። ሰማይ ያለ ዓምድ መጽናቱን ቁርኣንም ይመሰክራል። እንግዲህ ተረቱን የተናገረው ሰው ሳያውቅ፥ ሰው ርስት የከለከለውን እግዚአብሔር እንዳጸናው መሰከረ። በራያ ቆላ ሰዎቹ በአንድ ሰማይ ሥር በአንድ ጐርፍ ያርሳሉ። አምድ የሚፈልግ ካህን ቢኖር፥ ይህን ተረት ከልጆቹ አፍ ያውጣ።