የመዘግየት ምክንያት ፍለጋ፤ ከተሽከርካሪ ዲስክ እስከ ፍላሽ

ጨዋታ በላፕቶፕ ላይ ለመከፈት ሲዘገይ ጥፋቱ ወትሮ በዲስኩ ላይ ይጣላል። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ተሽከርካሪ ዲስክን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ዲስኩ ዞሮ የተፈለገው መረጃ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነበርና።

ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት 5 ሺህ ያህል «ኤክስኦ» ላፕቶፖች የነበራቸው 1 ጊጋባይት ፍላሽ ነበር፤ ተሽከርካሪ ዲስክ ግን አልነበራቸውም። ሆኖም ዘገምተኞች ነበሩ። ይኸውም ፋይሎቹ ታምቀው ስለሚቀመጡ፣ በተነበቡ ቁጥር 433 ሜጋኸርዝ ብቻ የነበረው ፕሮሰሰር ይፈታቸው ነበር፤ 256 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታቸውም ቶሎ ይሞላ ነበር።

ስለዚህ ኒሯቅን በመሰለ፣ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት ሥፍራ የሚሠራ ባለሙያ አዲስ ዲስክ ከማዘዙ አስቀድሞ፣ ጨዋታው ሲከፈት ከዲስኩ፣ ከማኅደረ ትውስታውና ከፕሮሰሰሩ የትኛው እንደሚጨናነቅ መለካት ይገባዋል።