የመቀያየር ወጪ፦ አእምሮ አሮጌውን ደንብ ሳይለቅ አዲሱን ሲይዝ

መርካቶ ውስጥ አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ በአንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ሁለት ሒሳብ ይሠራል። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ ሜትሩ ስንት ነው?» ስትለው የችርቻሮውን ዋጋ በሜትር ያባዛል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ደንበኛ ያንኑ ጨርቅ በጅምላ ሲጠይቀው ደግሞ ሜትሩን ትቶ ጣቃ ይቆጥራል። ጨርቁ ያው ነው፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ከአንዱ ደንብ ወደ ሌላው በምንሻገርበት ቅጽበት የምትባክነው ጊዜና ከፍ የሚለው የስህተት ዕድል በሥነ ልቦና ጥናት «ስዊች ኮስት» ይባላል። በአማርኛ «የመቀያየር ወጪ» ማለት ይስማማዋል። «ኪሳራ» ብንለው ሥራው የተበላሸ ያስመስላል፤ ወጪ ግን ሒሳቡ ልክ ሆኖም ይከፈላል።

ነገሩን መጀመሪያ የለካው አሜሪካዊው አርተር ጀርሲልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927። ሰዎች በተደረደሩ ቁጥሮች ላይ መደመር ብቻ ወይም መቀነስ ብቻ ሲሠሩ ይፈጥናሉ፤ አንዱን ደምረው ቀጣዩን እንዲቀንሱ ሲታዘዙ ግን ይዘገያሉ። እዚህ ድረስ ማንም የሚገምተው ነው። የጀርሲልድ ትልቁ ግኝት፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ቀጥሎ ያለው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥርና ቃል አፈራርቆ፣ ቁጥር ሲያገኙ እንዲቀንሱ፣ ቃል ሲያገኙ ተቃራኒውን እንዲናገሩ ሲያደርጋቸው መዘግየቱ አልታየም። ቁጥር ተቃራኒ ቃል የለውም፣ ከቃልም አይቀነስም፤ ስለዚህ የቀረበው ነገር ራሱ ምን እንደሚደረግበት ይናገራል። ወጪው የሚከብደው አንዱ ነገር ለሁለት ደንብ ሲመች ነው፤ ልክ እንደ አቡጀዲው።

ለምን ይከብዳል? አእምሮ አዲስ ደንብ ሲይዝ አሮጌውን አይፍቀውም፤ አፍኖ ያቆየዋል እንጂ። ለዚህ በመስከረም 2013 ከተደረገው የብር ኖት ለውጥ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለት መቶ ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ አስር፣ ሃምሳና መቶው አዲስ መልክ ያዙ። ለዓመታት አረንጓዴ የነበረው መቶ ብር ሰማያዊ ሆነ፤ አረንጓዴው ለአስር ብር ተሰጠ፤ የድሮው አስር ቀይ ስለነበር ቀይ የመሰለው አዲሱ ሃምሳም የቆየ ልማድ ይቀሰቅሳል። ብር ተቀባይ ቁጥሩን ሳያነብ በቀለም ብቻ ሲለይ ኖሮ ከሆነ፣ ልቡ አዲሱን ደንብ እያወቀ እጁ በአሮጌው መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

ሐኪሞች ይህንኑ በካርታ ይፈትኑታል። ዊስኮንሲን በተባለው ፈተና ሰው ካርታዎችን በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በብዛት ይመድባል፤ ደንቡ አይነገረውም፣ «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ ይባላል። ደንቡን ሲደርስበት ፈታኙ ሳያስታውቅ ይለውጠዋል። ብሬንዳ ሚልነር ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመችው ጥናት፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ከፊተኛው የአንጎል ክፍል የተቆረጠላቸው ሕመምተኞች «አይደለም» እየተባሉም በቀድሞው ደንብ ሙጥኝ ይሉ ነበር። የማሰብ ችሎታቸው በአጠቃላይ አልጠፋም፤ የተጎዳው ያለፈውን ደንብ የመልቀቅ አቅም ነው። ስለዚህ የአዲሱን መማርና የአሮጌውን መተው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ብሎ መያዝ ይገባል።

እዚህ ላይ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሙግት ያነሳል፤ ነጋዴው በቀን መቶ ጊዜ ዋጋ ሲቀያይር፣ ከጉራጊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር አይደናቀፍም፤ ወጪው የላብራቶሪ ወሬ ነው የሚል። ልምድ ወጪውን እንደሚቀንስ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሮጀርስና ሞንሴል እ.ኤ.አ. በ1995 ቅያሪው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ለሚያውቁ ሰዎች ከአንድ ሰከንድ በላይ መዘጋጃ ሰጥተው፣ ወጪው ቀንሶ የተወሰነው ግን ሳይጠፋ እንደቀረ አሳይተዋል። የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። ሜውተርና ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎችን ቁጥር ሲያስጠሩ፣ ወደ ጠንካራው ቋንቋ መመለስ ወደ ደካማው ከመሄድ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ደካማውን ለመናገር ጠንካራው አጥብቆ መታፈን ነበረበት፤ የታፈነውም ቶሎ አይነሳም። የነጋዴው ቅልጥፍና እንግዲህ ወጪው እንደሌለ አያሳይም፤ ሳይታይበት መክፈሉን እንጂ።

ሁለተኛው ሙግት ከተመራማሪዎች የመጣ ነው፤ የሚዘገየው ደንቡን ሲቀይር ሳይሆን አዲሱን ምልክት ሲያነብ ነው ይላል። በከፊል እውነት አለው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሁለት ምልክት ተሰጥቶ ሲሞከር፣ ሥራው ሳይለወጥ ምልክቱ ብቻ ሲለወጥም ሰው ይዘገያል። ማይርና ክሊግል እ.ኤ.አ. በ2003 ያን ለይተው ሲያወጡት ግን ሥራው ራሱ ሲለወጥ የሚከፈል ሌላ ድርሻ ተገኘ።

ይህ ከሆነ ሥራ ላይ ያለን ሰው «ልብህን ሰብስብ» ብሎ መገሠጽ ብቻ ፍትሕ አይደለም። በተለይ ገና ሥራ የሚለምድ ልጅ በጅምላው ሒሳብ መሃል የችርቻሮውን ዋጋ ሲጠራ «ፈዛዛ» ይባላል፤ ስህተቱ ግን ደንቡን ካለማወቅ ሳይሆን ያለፈው ደንብ ገና ካለመልቀቁ ሊመጣ ይችላል። የመርካቶ በተራ መከፋፈል፣ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ እየተባለ፣ ለገዢ ምቾት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ለሻጩም አእምሮ ዕረፍት ይሰጣል እላለሁ፤ በርበሬ ሲመዝን የሚውል ሰው ስለ ጎማ ቁጥር አያስብም። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋ ለሚያስተናግድ ሱቅ ደግሞ ስፔክተርና ቢደርማን እ.ኤ.አ. በ1976 የሞከሩት ይጠቅመዋል። ከየቁጥሩ አጠገብ መደመር ይሁን መቀነስ የሚያሳይ ምልክት ሲጽፉ የመቀያየር ወጪው በእጅጉ ወረደ። ለአቡጀዲው ሻጭ ይህ ማለት በጣቃው ላይ «በሜትር» እና «በጣቃ» የሚሉ ሁለት ዋጋዎችን ለየብቻ ጽፎ መለጠፍ፣ ከተቻለም የጅምላውን ደረሰኝ ከችርቻሮው በተለየ ቀለም ማሳተም ነው።