ሐዲድና ሽቦ በንፋስ ስልክ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በአረብ ብረት ሐዲድ ላይ ሲሆን፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ በንፋስ ስልክና በሳሪስ ሲያልፍ ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ የኤሌክትሪክ ኃይል ይወስዳል። የሐዲዱም የሽቦውም ጠባይ የሚመነጨው ከብረታዊ ትስስር ነው፤ ይህም አቶሞች ውጫዊ ኤሌክትሮኖቻቸውን ለጋራ ለቅቀው አዎንታዊ አዮኖች በመሆን በረድፍ ሲደረደሩ፣ በመካከላቸው በነፃ የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ስበው የሚያያይዙበት ኃይል ነው። ለእንዲህ ያለው ሽቦ ተመራጭ የሆነው መዳብ ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያስተላልፈው በእነዚሁ ነፃ ኤሌክትሮኖች ሲሆን፣ ሳይበጠስ ተስቦ የሚቀጥነውም የአዮኖቹ ረድፎች ትስስራቸውን ሳያጡ ስለሚንሸራተቱ ነው። ንጹሕ ብረት በዚሁ መንሸራተት የተነሣ ለሐዲድ የማይበቃ ለስላሳ በመሆኑ፣ በረድፎቹ መካከል ገብቶ እንቅስቃሴያቸውን የሚያግድ ጥቂት ካርቦን ሲጨመርበት፣ የባቡርን ክብደት የሚችል አረብ ብረት ይሆናል።