ከደብር እስከ ደብር፦ የደን ግንኙነትን በነፃ ሶፍትዌር የማስላት ታሪክ



ንግግሬን ከኮምፒውተር ሳይሆን ከአኩፋዳ ልጀምር። የቅኔ ተማሪ ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ ሲሻገር መንገዱን በርቀት ብቻ አይመርጥም ነበር። ወንዙ የሚሞላበትን ወር፣ ውሻ የሚበዛበትን መንደር፣ ቁራሽ የማይነፈግበትን ደጃፍ አስቀድሞ ይጠይቃል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ አድባራት እየተዘዋወሩ ተምረዋል።

በአድባራቱ ዙሪያ የቆሙት ዛፎች ግን መንገድ መጠየቅ አይችሉም። የጥቁር እንጨት ዘር የሚጓዘው በወፍ ወይም በዝንጀሮ ሆድ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ የደኖቹ ስፋት ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደመል ተከታይ ጋር ባወጡት ጥናት ደግሞ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይቆይ አሳይተዋል። እናት ዛፏ ስትወድቅ ተተኪው ከትኩስ ዘር ካልበቀለ፣ ከሌላ ደብር መምጣት አለበት ማለት ነው። በመካከል ያለው የጤፍ ማሳ ያሳልፈዋልን?

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ሰርኪትስኬፕ ነው። መሠረቱን የጣለው ብራድ ማክሬይ ወደ ሥነ ምህዳር ከመግባቱ በፊት የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ መልክዓ ምድሩን እንደ ኤሌክትሪክ ዑደት ቆጠረው፤ እያንዳንዱ የመሬት ቁራሽ የእንቅፋት መጠን ይሰጠዋል፣ ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ኮረንቲ ይለቀቃል። ከእርሱ በፊት የተለመደው ስሌት አንዲት ርካሽ መንገድ ብቻ ፈልጎ ያቆማል፤ ተጓዡ አገሩን ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ይህ ለቅኔ ተማሪው ይስማማ ይሆናል፤ ለወፍ ግን አይመስለኝም። ኮረንቲ ባገኘው መንገድ ሁሉ ስለሚከፋፈል፣ ሁለት ደካማ መተላለፊያዎች ተደምረው የሚሰጡትን ጥቅም ያሳያል፤ ጠባቧን መተላለፊያም ያጋልጣል። በሶፍትዌሩ ሥራ ቫይራል ሻህ ተባባሪው ነበር። ማክሬይ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢያርፍም ኮዱ ክፍት ስለነበር ሥራው አልቆመም፤ ሻህ በፈጠራው ከተሳተፈበት ከጁሊያ ቋንቋ ጋር እንዲስማማ ከፓይተን ተገልብጦ እንደ አዲስ ተጻፈ። የፈቃድ ክፍያ መሸፈን ለማይችል ዩኒቨርሲቲ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታሪክ አጥኚ እንደመሆኔ ይበልጥ የሚስበኝ ሌላ ነፃ ሀብት አለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከአየር ያነሷቸው 34,000 ያህል ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ውስጥ፣ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው፣ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እንደገና ለጥናት አበቋቸው። ለወረራ የተነሣ ፎቶ የደኖቻችን ምስክር ሆነ። በደቡብ ጎንደር የ1938ቱ ምስል ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ሲነጻጸር፣ ደኖቹ በጥቅሉ በቦታቸው አሉ፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ለእርሻ ሆኗል። ደኑ ሳይቀንስ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፤ ሄክታር ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያይም።

ሶፍትዌሩ ግን የሰጡትን ብቻ ያሰላል፤ የእንቅፋት ቁጥሩን የምንሞላው እኛው ነን። ሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር በሆነ የሳተላይት ምስል ላይ አምስት ሄክታር ደን 55 ያህል ፒክስል ብቻ ነው፤ አጠገቡ የተተከለ ባሕር ዛፍ ከወይራውና ከጽዱ ጋር በአንድ አረንጓዴ ሊቀላቀል ይችላል። ያኔ ካርታው መተላለፊያ አለ ይለናል። ባሕር ዛፉን ለጉሬዛ ስንት እንስጠው? ፍሬ ለሚበላ ወፍስ? የምሥራቅ ጎጃምን ካርታ የሚሠራ ተማሪ መጀመሪያ ሄዶ ሊጠይቃቸው የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከደኑ ሥር የሚያስተምሩትን የኔታንና ማሳውን የሚያርሱትን ገበሬ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።