«ድሮም አለ» ለምትሉ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ገቨርነር ይፈልጋል፤ ቅጹን በስልኬ ልሙላው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ጓደኛዋ ቀደመችኝ፦ «ሙዪው፣ ምን ችግር አለ? ለንደን ውስጥ ሐበሻ ገቨርነር ድሮም አለ።»

ድሮም! ያቺ ቃል እስከ ማታ አልለቀቀችኝም።

በወረቀት ያለው ታሪክ አጭር ነው። በእንግሊዝ የ1980 የትምህርት ሕግ ወላጆች በትምህርት ቤት ቦርድ በአባልነት፣ ማለትም በገቨርነርነት፣ እንዲቀመጡ ደነገገ፤ የ1986ቱ ቁጥራቸውን ጨመረ፤ የ1988ቱ በጀቱን ከካውንስል አውጥቶ ለትምህርት ቤቶቹ አስረከበ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኔም ይህን የሰማሁት ኋላ ሥልጠና ላይ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ የተጨማደደ የገቨርነር ምርጫ ወረቀት ነበር።

በ1996 ነው። ወረቀቱ ከልጄ ቦርሳ፣ ከምሳ ዕቃዋ ሥር፣ ዳሩን ጭማቂ ፈሶበት ወጣ። ባለቤቴ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ገቨርነር ማለት አገረ ገዢ ነው» አለኝ። አገረ ገዢ ከሕፃናት ትምህርት ቤት ምን አገናኘው? በደርግ ጊዜ ቀበሌ ታስሮ የወጣው ጎረቤታችን ደግሞ «ምርጫ በሚሉት ነገር ስምሽን እንዳታስገቢ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ስም ዝርዝር ውስጥ መግባት ምን እንደሚያስከትል በራሱ ላይ አይቷል። ዛሬ «ወላጆቻችን ለምን አይሳተፉም ነበር?» የሚሉ ልጆች ይህን ቢያውቁልን ደስ ይለኛል።

ከሐበሾች ወደ ትምህርት ቤታችን ቦርድ መጀመሪያ የገባችው አንዲት የጎንደር ልጅ ናት። ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፣ ጠዋት ሁለት ልጆቿን ታደርሳለች። በ1997 ተወዳደረችና ተመረጠች። እንዴት እንዳሸነፈች በዓይኔ አይቻለሁ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ወይም በተማሪው እጅ ሊመለስ እንደሚችል ተረዳች፤ ከዚያ ወዲያ በር ላይ ያገኘችውን እናት ሁሉ፣ ሶማሌ በሉ ቤንጋሊ፣ «ወረቀቱ ልጅሽ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ምልክት አድርጊና በልጅሽ ላኪው» እያለች ታስረዳ ነበር። አንድ በአንድ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በዝናብ።

እኔን የጎተተችኝም እሷ ናት። በመጀመሪያው ተሸነፍኩ። ከቅጹ ጋር ስለ ራስ አጭር ጽሑፍ ይጠየቃል፤ እኛ ደግሞ ራስን ማሞገስ ነውር ተብለን ያደግን ነን። «የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በስብሰባ እገኛለሁ።» ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ። ጽሕፈት ቤቱ ቅጹን የሰጠኝም ሦስት ጊዜ ካመላለሰኝ በኋላ ነበር። በ1999 ስመለስ ግን የዕቁባችንን ሒሳብ ስንት ዓመት እንደያዝኩ ጻፍኩ፤ ቦርድም በጀት ያያል፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ተመረጥኩ።

እሷና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከገና በኋላ በነበረ ስብሰባ ያደረገችውን አልረሳም። የእኛ ልጆች በገና ቀን የቀሩበት «ያለ ፈቃድ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። እጇ በረኪና ይሸታል፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀኑን በጣቷ እየነካች፣ ሃይማኖቱ ለይቶ ባከበረው በዓል መቅረት በሕግ የተፈቀደ እንደሆነ ተናገረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። መዝገቡ ታረመ። ዛሬ ልጆቻችሁ በገና ቀን ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ ማንም የማይጠይቃችሁ እንዲህ ተደክሞበት ነው።

ደቡብ ለንደን ያሉ ወገኖቻችን «የመጀመሪያው ሐበሻ ገቨርነር የእኛ ሰው ነው» ይላሉ፤ በየበዓሉ እንጨቃጨቃለን። ሰውየውን አከብራቸዋለሁ። ግን እሳቸውን የሾማቸው ካውንስል ነው። ካውንስል የሾመውና ወላጅ የመረጠው አንድ አይደለም፤ ሞቼ እገኛለሁ! ዛሬማ ያም ተለውጧል፦ ካውንስሉ ያጫል፣ የሚሾመው ራሱ ቦርዱ ነው።

ለዚያች ወጣት እናት የነገርኳት ይህ ነው። ለወላጅ ወንበር ልጅሽ እዚያ መማሩና ዕድሜሽ 18 መሙላቱ ይበቃል፤ ዜግነት መስፈርት አይደለም፤ መምህርነትም አያስፈልግም። ዕጩ ከወንበሩ ከበዛ በምስጢር ድምፅ ይመረጣል፤ ካነሰ ግን ያላንዳች ምርጫ ትገቢያለሽ። ልጅሽ ትምህርት ቤቱን ቢለቅም ሌላ በር አለ፤ ቦርዱ ራሱ የሚመርጣቸው አባላት ስላሉ ለሰብሳቢው ጻፊ። የወንጀል መዝገብሽ ዲቢኤስ በሚባለው ማጣሪያ ይታያል። ዘመኑ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ደመወዝ የለውም። አሠሪሽ ተገቢውን ጊዜ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የቀረሽበትን ሰዓት ግን ላይከፍልሽ ይችላል። ወንበሩም ዋስትና ያለው አይምሰልሽ። በ2016 መንግሥት አካዳሚ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ወላጅ እንዲያስቀምጡ አይገደዱ ብሎ ነበር፤ ተቃውሞ በዝቶ ቀረ እንጂ።

አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳት፦ መምጣት ካልቻልሽ አስቀድመሽ አሳውቂ፣ ቦርዱ መፍቀዱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የጎንደሯ ልጅ የሥራ ፈረቃዋ ተለወጠና ስብሰባው ሁሉ በሥራ ሰዓቷ ዋለ። ያለ ቦርዱ ፈቃድ ስድስት ወር የቀረ አባል ከቦርዱ ይወጣል፤ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚቻል የነገራት አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በፖስታ አምስት መስመር ደብዳቤ ደረሳት፤ አምጥታ አነበበችልኝ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው፣ ሥራ ሄደች።

ማኅበራችን ለክብረ በዓሉ ባሳተመው መጽሔት «ፈር ቀዳጆች» በሚለው ገጽ ሰባት ወንዶች ተደርድረዋል። የእሷ ስም የለም። ለአዘጋጆቹ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ደብዳቤዋን እስከ ዛሬ አልጣለችውም፤ ቅጂው እኔ ጋ አለ፣ ማየት የፈለገ ይምጣ።