«ይበቃኛል» ማለትን መማር

የምንኖርበት ዓለም ሰው ባለው ነገር እንዳይረካ ታስቦበት የሚሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ኃላፊ የነበሩት ቻርልስ ኬተሪንግ በአንድ የአሜሪካ የንግድ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሁሉም ባለው ቢረካ አዲስ ዕቃ የሚገዛ እንደማይኖር፣ ስለዚህም ገዢው እንዳይረካ ማድረግ እንደሚገባ ተከራክረዋል። ዛሬም በስልኩ፣ በልብሱ፣ በመኪናው የሚሠራው ዘዴ ይኸው ነው። ማስታወቂያ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት አንድ ነገር እንደጎደለን ያሳምነናል።

የእግዚአብሔር ቃል ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ያሳየናል።

1. «ይበቃኛል» ማለት ይለመዳል

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። በኑሮው መርካትን እንደተማረ ይነግራቸዋል (ፊል. 4፥11-12)። ልብ እንበል፤ አብሮት የተወለደ ጠባይ አልነበረም። በማጣትም በማግኘትም እያለፈ የተማረው ነው። ያጣ ብቻ ሳይሆን ያገኘም ይህን መማር አለበት፤ ብዙ ያለው ሰው ሌላ ሲያምረው እናያለንና።

2. ምንጩ ክርስቶስ ነው

ጳውሎስ የተጠቀመበት «አውታርኬስ» የሚለው የግሪክ ቃል በስቶይክ ፈላስፎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ለእነርሱ ትርጉሙ በራሱ የሚተማመን፣ ከውጭ ምንም የማያስፈልገው ሰው ማለት ነው። ጳውሎስ ግን ኃይል የሚሰጠው ክርስቶስ እንደሆነ ይመሰክራል። ብዙ ጊዜ ለፈተና፣ ለሥራና ለቪዛ የምንጠቅሰው ቁጥር 13 በቦታው ሲነበብ ስለ ረሃብና ስለ ጥጋብ የሚናገር ነው። ዕብ. 13፥5ም ገንዘብን ከመውደድ እንድንርቅ ሲያዝ ምክንያቱን ይሰጣል፦ እግዚአብሔር አይተወንም።

3. የሌላውን ችግር ችላ ማለት አይደለም

«ይበቃኛል» የምንለው ለራሳችን ነው፤ ለተራበ ወንድማችን «ይበቃሃል» ልንለው አይገባም (ያዕ. 2፥15-16)። ጳውሎስም ፊልጵስዩሳውያን በመከራው ስለተካፈሉት አመስግኗቸዋል (ፊል. 4፥14)። በኑሮው የረካ ሰው እጁ ለመስጠት ነፃ ነው። ሁልጊዜ ጎደለኝ የሚል ግን ለሌላው የሚተርፈው የለም።

እንዴት እንለማመደው?

• ከመግዛታችን በፊት «ያስፈልገኛል ወይስ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው?» ብለን እንጠይቅ። በዚህ ፍርሃት ተበድረው ሠርግ ደግሰው ዕዳውን ለዓመታት የሚከፍሉ አማኞች ጥቂት አይደሉም።

• ስላለን ነገር በስሙ እየጠራን እናመስግን፤ እንጀራውን፣ ጤናውን፣ ወዳጁን።

• ደመወዝ ሲገባ ወይም እቁብ ሲወጣልን ለችግረኛው የሚሆነውን አስቀድመን እንለይ።

እግዚአብሔር ደስ እንዲለን ሁሉን አትረፍርፎ ይሰጣል (1ጢሞ. 6፥17)። ስለዚህ መልካም ዕቃ መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ልባችን ግን ዕረፍቱን ከዕቃው ሲጠብቅ፣ ዕቃው ሊሰጠው የማይችለውን እየጠየቀ ነው። ጌታ «ይበቃኛል» ማለትን ያስተምረን።