የወተት ጥርስ ለማን ይሰጣል? ከቤት ጣሪያ እስከ ቤተ ሙከራ



የዛሬው ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ አልፈርድባችሁም። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ሲናገር እንጂ ስለ ጥርሰ ወላቃ ልጅ ሲናገር መስማት አልተለመደም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያውን ውል የተዋዋልነው በጥርሳችን ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነን የፊት ጥርሳችን ተነቃነቀ፤ ወለቀም። እናታችን ወይም አያታችን ደጅ አወጡን፤ ጥርሱን ወደ ጣሪያው ወርውረን አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንዲሰጠን ጠየቅን። ከዚያም ጠበቅን፤ አዲሱም በቀለ።

በዚህ ንግግር ላስረዳው የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በብዙ አገር ልጅ የወለቀ ጥርሱን አይጥልም፤ ይሰጣል፤ በምትኩም ይቀበላል። ይህ የቤት ውስጥ ልውውጥ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከኑክሌር ፖለቲካ ጋር ተገናኝቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ እንይ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፍሬዘር በ1890 መታተም በጀመረው «ወርቃማው ቅርንጫፍ» በተሰኘ ሥራው ስለ ራሮቶንጋ ደሴት ልጆች ይጽፋል። በዚያ የልጅ ጥርስ ሲወልቅ በሣር ክዳኑ ላይ ይወረወር ነበር፤ በአሮጌው ክዳን ውስጥ አይጦች ጎጆ ይሠራሉና። ከአይጥ የሚጠበቀውም እንደ ራሷ ያለ ጠንካራ ጥርስ ነው። ይህ እምነት በትዝብት ላይ የቆመ ነው፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምምና። የእኛም የጣሪያ ልማድ ከዚሁ ምክንያት ተነሥቷል ብዬ ግን አልደመድምም። አንድ ዓይነት ልማድ በሁለት ቦታ መገኘቱ ብቻውን አንዱ ከሌላው መወሰዱን አያስረዳም።

በስፔን ተቀባዩ አይጥ ስምና አድራሻ አገኘ። በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ፣ ገና ሲወለድ የነገሠው ሕፃኑ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ የወተት ጥርሱ በወለቀ ጊዜ፣ ኢየሱሳዊው ካህንና ደራሲ ሉዊስ ኮሎማ ስለ አይጡ ፔሬስ ተረት ጻፈለት። በተረቱ አይጡ የሚኖረው በማድሪድ አሬናል ጎዳና ከሚገኝ መደብር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሕፃኑን ንጉሥ ይዞት ይወጣና የድኻ ልጅ የሚያድርበትን ቤት ያሳየዋል። ኮሎማ በጥርሱ ምትክ ለንጉሡ የሰጠው ስጦታ የተገዢዎቹን ኑሮ ማየት ነበር ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ ደግሞ ተቀባይዋ ቱዝ ፌሪ የተባለች ረቂቅ ፍጥረት ሆነች። ስሟ በጽሑፍ ከተገኘባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ የመስከረም 27 ቀን 1908 የቺካጎ ጋዜጣ ነው። በቤት አያያዝ ዓምዱ ለእናቶች የቀረበው ምክር እንዲህ ነው፦ የሚነቃነቅ ጥርሱን አላስነቅልም ብሎ የሚያስቸግር ልጅ ስለ ቱዝ ፌሪ ቢነገረው እሺ ይላል፤ ጥርሱን ትራስ ሥር ካስቀመጠ ሌሊት መጥታ ትወስድና ትንሽ ስጦታ ትተውለታለች። ስጦታውም ከአምስት ሳንቲም ዕቃ መሸጫ አስቀድሞ ይገዛ ዘንድ ይመከራል። እንግዲህ ቱዝ ፌሪ ከመነሻዋ የልጁን ፈቃድ ማግኛ ዘዴ ነበረች። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ወደ 1950ዎቹ እንሻገር። ኃያላኑ መንግሥታት የኑክሌር መሣሪያን በአየር ላይ ይሞክሩ ነበር። ከፍንዳታው የሚወጣው ስትሮንቲየም-90 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በነፋስ ተጉዞ በዝናብ ይወርዳል፤ ሣሩን ላም ትበላዋለች፤ ወተቱን ልጅ ይጠጣዋል። ስትሮንቲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይገባል። በሰው አካል ውስጥ ምን ያህል እንደ ተከማቸ ለማወቅ ግን አጥንት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1953 ጀምሮ «ፕሮጀክት ሰንሻይን» በተባለው ምስጢራዊ ጥናት አጥንት ያሰባስብ ነበር። ከሞቱ ሕፃናት ጭምር፣ ብዙ ጊዜም ወላጆች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ይወሰድ ነበር። ጉዳዩ በሰፊው የተገለጠው በ1990ዎቹ ነው።

ሌላኛው መንገድ የወተት ጥርስ ነበር። በነሐሴ 1958 ትውልደ ዴንማርኩ ባዮኬሚስት ሄርማን ካልካር የወተት ጥርስ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ሳይንቲስቶችና ነዋሪዎች ሥራውን ጀመሩ። ከመሪዎቹ መካከል የሥነ ሕይወት ሊቁ ባሪ ኮመነርና ሐኪሟ ሉዊዝ ራይስ ይገኙበታል። እናቶች ጥርሱን ከቅጽ ጋር ይልኩ ነበር፤ ልጁ መቼና የት ተወለደ፣ እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት የት ኖረች፣ የጡት ወይስ የጡጦ ወተት ጠባ የሚሉ ጥያቄዎች ይመለሱበታል። ልጁም በምትኩ ጥርሱን ለሳይንስ መስጠቱን የሚገልጽ፣ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ክብ ምልክት ይላክለታል። እስከ 1970 ድረስ ወደ 320,000 የሚጠጋ ጥርስ ተሰበሰበ።

ጥርስ ሲወልቅ የሚመሰክረው ስለ ወለቀበት ሳይሆን ስለ ተሠራበት ዘመን፣ ማለትም ስለ ማሕፀንና ስለ ጨቅላነት ጊዜ ነው። በኅዳር 1961 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት መጠኑ እየጨመረ መምጣቱን አሳየ፤ በኋላም በ1963 በተወለዱት ልጆች ጥርስ በ1950 ከተወለዱት 50 እጥፍ ያህል ስትሮንቲየም-90 እንደ ተገኘ ታወቀ። በነሐሴ 1963 የሉዊዝ ራይስ ባለቤት ዶክተር ኤሪክ ራይስ ስለ ጥናቱ በአሜሪካ ሴኔት ፊት መሰከረ። በዚያው ወር አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የሚደረግ ሙከራን የሚከለክለውን ውል ሞስኮ ላይ ፈረሙ። ውሉን ያስገኘው የልጆች ጥርስ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የኩባ ቀውስ ያሳደረው ፍርሃትና የዓመታት ድርድርም ነበረበት። ይሁን እንጂ ወላጆች ከሩቅ የሚሰሙት የጨረር ጉዳይ ትራስ ሥር እንዳለ ያወቁት በጥርሱ ነው።

ሁለቱን ጥናቶች አነጻጽሩ። ሁለቱም የፈለጉት ተመሳሳይ እውቀት ነው። አንደኛው በስውር ወሰደ፤ ሁለተኛው ጠየቀ፣ ተቀበለ፣ ምላሽ ሰጠ። ሁለተኛው ሊሳካ የቻለው ልጆቹና እናቶቻቸው የወለቀ ጥርስ በልውውጥ እንደሚሰጥ አስቀድመው ያውቁ ስለ ነበር ይመስለኛል። ሳይንቲስቶቹ አዲስ ልማድ መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ የነበረውን በአክብሮት ተጠቀሙበት። ሰዎችን ለጥናት የምትጠይቁ ተማሪዎች ይህን ልብ እንድትሉ አደራ እላለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስና ልጨርስ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚያድግ ልጅ ጥርሱን የሚወረውርበት ጣሪያ የለውም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድገው የወገናችን ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሰማትን ቱዝ ፌሪ ይጠብቃል፤ አያቱ በስልክ ስለ ጣሪያ ይነግሩታል። ልማዱ እየተለወጠ ነው፤ መለወጡም ነውር አይደለም። ነገር ግን በየአካባቢያችን ጥርሱ ወዴት ይወረወር እንደ ነበር፣ ለማን እንደሚሰጥና ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ጠይቋቸው፤ የሰማችሁበትን ቦታና ቀን ጨምራችሁ መዝግቡ።